የሲኞራ ዊኒ እምቢታ

አሰለፈች ዶርነርን በዓይኗ አይታት አታውቅም። ሆኖም ዓይኗን በሻሽ አስረው መንደሪቱ መሀል ቢለቋት፣ ከእህል ማከማቻው ማማ ተነስታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ትደርስ ነበር።

ዶርነር አሜሪካ ውስጥ፣ አዮዋ በሚባል የበቆሎ አገር፣ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። አንድ መንገድ አላት። በደቡቧ ባቡር የማይሄድበት ሐዲድ ተዘርግቷል፤ በምሥራቋ ደግሞ በየአሥር ዓመቱ አንዴ ተቆጥቶ የሰው ምድር ቤት የሚገባ ወንዝ አለ። መሀሏ ላይ ስሟ በትልቁ የተጻፈበት የውኃ ማማ ቆሟል፤ መንገደኛ ሳያያት እንዳያልፍ። ቤተ ክርስቲያኖቿ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የጀርመኖቹ ሉተራን፣ አንዱ የአየርላንዶቹ ካቶሊክ። ደወላቸው በአምስት ደቂቃ ልዩነት ይደወላል፤ በሰዓት እንኳ እንዳይስማሙ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የበቆሎ ቀን ይከበራል። መንገዱ አጭር ስለሆነ ሰልፉ ሁለቴ ይዞራል፤ ሰው ስለማይበቃ ደግሞ በሁለተኛው ዙር ተመልካቹ ይሰለፋል፣ ሰልፈኛው ዳር ቆሞ ያጨበጭባል።

ይህን ሁሉ ለአሰለፈች የነገሯት፣ ቤታቸው ተቀጥራ የምትሠራላቸው ሲኞራ ዊኒፍሬድ ነበሩ፤ ባጭሩ ሲኞራ ዊኒ። የዶርነር ተወላጅ ናቸው። በ1970 ለአንድ ዓመት የጽሕፈት ሥራ ብለው ሮም መጡ፤ አንዱ ዓመት አርባ ሁለት ሆነ። አላገቡም፣ አልወለዱም። ኦስቲያ፣ ባሕሩ ዳር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው የመንደራቸውን ታሪክ ይጽፉ ነበር። የሚጽፉት ደብተር ላይ አይደለም፤ ካርድ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ካርድ፤ ለወንዙ፣ ለጎርፉ፣ ለተዘጋው ባንክ፣ ለተዘጋው ባቡር ጣቢያ፣ የማን ላም የማንን ጎመን እንደበላች። አራት የእንጨት መሳቢያ ሞልተዋል። ከዚያው አካባቢ የሚወጣ ሳምንታዊ ጋዜጣ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ በፖስታ ይደርሳቸዋል። መጀመሪያ የሚያነቡት የሟቾችን ዓምድ ነው፤ ከዚያ መቀሳቸውን ያነሳሉ።

አሰለፈች በዚህ አልተገረመችም፤ እሷም ከሟች ጋር ሥራ ያላት ሰው ናት። ሮም ያለ ሐበሻ ሲሞት ከቄሱ ቀጥሎ የሚደወለው ለእሷ ነው። የሟችን የሕይወት ታሪክ ትጽፋለች፣ መቃብሩ አጠገብ ቆማም ታነባለች። ማንም አላስተማራትም። በ1992 ሮም በገባች በዓመቱ አብራት የምትሠራ ልጅ ሞታ፣ የሚናገርላት ሰው ሲጠፋ፣ በዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጋ አነበበች። ሰዉ ተላቀሰ፤ ሥራውም በዚያው የእሷ ሆነ። አጻጻፏ አይለወጥም። "ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በእገሌ ጠቅላይ ግዛት፣ ልዩ ስሙ እንዲህ በተባለ ስፍራ ተወለዱ" ብላ ትጀምራለች። "እንግዳ ተቀባይ፣ ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ" ብላ ትጨርሳለች። እዚህ ላይ ሴቶቹ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያለቅሳሉ። በእሷ ወረቀት ላይ ክፉ ሰው ሞቶ አያውቅም።

ጓደኛዋ አብረኸት በዚህ ታበሽቃታለች። አብረኸትም እንደ እሷ በሰው ቤት የምትሠራ ናት፤ ምላሷ ግን የራሷ ነው።

"ተኪኤ ነው ለተቸገረ ደራሽ?" አለቻት አንድ ጊዜ፣ ከቀብር ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ። "ያ ሰውዬ ለካርታ ጨዋታ እንጂ ለማን ደርሶ ያውቃል?"

"ቀስ በይ፤ እናቱ ትስማሽ?"

"እናቱ ከሞተች ሃያ ዓመቷ!"

"እኮ፤ አሁን አብረው አይደሉ?"

ሲኞራ ዊኒ፣ ስሞት ወደ ዶርነር አትላኩኝ ብለው ነበር። አንዴ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ።

የመጀመሪያው በበጋ፣ ሰገነት ላይ ተቀምጠው ነው። "አሴ፣ ስሞት እዚሁ ቅበሩኝ። ዶርነር አልመለስም" አሉ። አሰለፈች "እሺ ሲኞራ" አለች፤ በልቧ ግን "ምስኪን፣ ሰው ላለማስቸገር ነው" አለች። ሁለተኛው ሆስፒታል ተኝተው ነው። ያኔ ተቆጡ። "አይሆንም ማለት አይሆንም ነው!" አሉ። አሰለፈች ቁጣቸውን ወደደችላቸው፤ ጉለሌ ያሉት እናቷም ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብላቸው ልክ እንዲህ እየተቆጡ ነበር የሚግደረደሩት። በሦስተኛው ጊዜ ሲኞራ ዊኒ ሳቁ። "አሴ፣ ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ አይደል?" አሉ።

ሦስት ጊዜ የተግደረደረ ሰው ምን እንደሚደረግለት አሰለፈች ጠንቅቃ ታውቃለች። ሳህኑ ፊቱ ይቀመጥለታል።

ደግሞም ማስረጃ ነበራት። በ1998 ሥራ በጀመረች ዕለት ምስር ሾርባ ሠርታ አቀረበችላቸው። "አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ" አሉ። "በሞቴ!" ብላ ፊታቸው አስቀመጠችው። ሾርባውን ትንሽ አዩት፤ ከዚያ ማንኪያቸውን አንስተው ጠብታ ሳያስቀሩ ጨረሱት። በሳምንቱም እንዲሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እምቢ አሉ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በሉ።

"እምቢ ካሉሽ እምቢ ነው፤ ፈረንጅ እኮ ናቸው" ብላት ነበር አብረኸት።

"አንቺ ፈረንጅ ታውቂያለሽ፤ እኔ ሲኞራ ዊኒን አውቃለሁ።"

ሮም ላይ በረዶ በጣለበት በዚያ የካቲት ሲኞራ ዊኒ ሞቱ። ኦስቲያ እንኳ፣ አሸዋው ላይ፣ ነጭ ሆኖ ነበር። ጠዋት መስኮቱን አስከፍተው "ይሄ የዶርነር ነው፤ አድራሻ ተሳስቶ ነው" አሉ። ከሰዓት በኋላ እንደተኙ ቀሩ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር።

በሕይወት ያለ ዘመዳቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእህታቸው የሎሪን ልጅ፣ ዴል። ዴል ወደ ስድሳ የሚጠጋ ገበሬ ቢሆንም፣ አሰለፈች የምታውቀው በካርዶቹ ስለሆነ፣ ለእሷ በዘጠኝ ዓመቱ ትራክተር ነድቶ የሉተራኖቹን ግድግዳ ያፈረሰ ልጅ ነው። እናቱ ሎሪን የሞቱት በ1999 ነበር። ጋዜጣው የመጣ ዕለት ሲኞራ ዊኒ የእህታቸውን ሞት በመቀስ ቆርጠው ካርድ ላይ ለጠፉ፣ ምሳቸውን በሉ፣ ተኙ። አሰለፈች ያን ቀን አልቅሳላቸዋለች። ሐዘኑ ቢከብዳቸው ነው እንጂ እንዴት ሰው እንባ ያጣል?

ለዴል የደወሉት አባ ተኽለብርሃን ናቸው። አባ ሮም የቀኖና ሕግ የሚማሩ ካቶሊክ ካህን ሲሆኑ፣ እንግሊዝኛ ስለሚችሉ የሰው ሁሉ አስተርጓሚ ሆነው ቀርተዋል። በሮም ከሰዓት ሲሆን በዶርነር ገና ጠዋት ነው። ዴል ሐዘኑን ገለጸ፣ አመሰገነ፣ ከዚያ ጠየቀ።

አባ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑ። "የት መቀበር ነበር የምትፈልገው? ይላል። ኢንሹራንስ ስላላት የትም ይቻላል፤ ዘመዷ እኔ ስለሆንኩ የምፈርመው እኔ ነኝ፣ የምትፈልገውን ግን አላውቅም ይላል።"

"አይሆንም ይሉ ነበር፤ ልባቸው ግን እዚያው ነው ይበሉት።"

"ይሄ እኮ ሁለት ነገር ነው፣ አሰለፈች። አይሆንም ብለዋል ልበል ወይስ ይናፍቁ ነበር ልበል?"

"አይሆንምን ይተዉት አባ፤ ፈረንጅ ግራ ይገባዋል።"

አባ ተዉት። ወዲያ ማዶ ረጅም ዝምታ ሆነ፤ መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስላቸው።

"ትናፍቅ ነበር?" አለ ዴል በመጨረሻ። "እርግጠኛ ናችሁ?"

"አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ሌላ ነገር አላወሩም ይበሉት" አለች አሰለፈች። ይህ እውነት ነበር።

"እንግዲያው ከእናቴ ጎን ቦታ አለ" አለ ዴል።

በሁለተኛው ቀን ራሱ ለአባ ደወለ፤ ድምፁም ተለውጦ ነበር። ወሬው መንደሩን አዳርሷል። የቀብሩን ምሳ ማን ያዘጋጅ በሚል ሉተራኖቹና ካቶሊኮቹ ተጨቃጭቀው፣ ተዘግቶ የኖረውን የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ከፍተው አብረው ሊያበሉ ተስማምተዋል፤ የአሳማው ሥጋ ከሉተራኖቹ፣ ድንቹ ከካቶሊኮቹ። "ሰው ከዚህ ይሄዳል እንጂ ወደዚህ አይመጣም" አለ ዴል። "እዚህ ያሉ አንድ ሽማግሌ፣ ዊኒ ስትገባ መግቢያው ላይ ያለው የሕዝብ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ይደረግ ብለዋል።"

አሰለፈች ስትሰማ ደረቷ ሞላ። ሲኞራ ዊኒን በእንዲህ ያለ ክብር የሚቀበል መንደር! የሬሳ ሳጥኑ ታሽጎ ዓርብ እንዲበር ተወሰነ። እሷ ደግሞ ከመነሳታቸው በፊት በሳጥኑ አጠገብ የምታነበውን የሕይወት ታሪክ ልትጽፍ ተቀመጠች።

የወላጆቻቸውን ስም አታስታውስም። ካርዶቹ በእንግሊዝኛ ናቸው። ስለዚህ ማክሰኞ ዕለት የአብረኸት ልጅ ሔለን በባቡር ኦስቲያ መጣች። ሔለን ሮም ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንግሊዝኛ የምታጠና ናት፤ አማርኛዋ የእናቷ ነው፣ ትዕግሥቷ የጣሊያን።

"አሎራ፣ እሺ፣ ዚያ አሱ፤ በፊደል ተራ ነው የተቀመጡት። ከየት ልጀምር?" አለች፤ አክስቷ ባትሆንም በጣሊያንኛ "ዚያ"፣ አክስቴ ትላታለች።

"ከመጀመሪያው።"

ሔለን የመጀመሪያውን መሳቢያ ሳበች። ጥቂት ካርድ ገልጣ ፈገግ አለች። "አንቺም አለሽበት!"

"እኔ? የዶርነር ታሪክ ውስጥ? እስኪ አንብቢው።"

"'አሰለፈች። ከአዲስ አበባ። ታማኝ፣ ቀልደኛ፤ ብረት ምጣድ ስታጥብ ትዘምራለች። በየሳምንቱ ምስር ሾርባ ትሠራለች። ምስር አልወድም። ዶርነር ውስጥ ግን ፊታችን የተቀመጠ ምግብ ይበላል፤ እናታችን እንዲያ አድርጋ ነው ያሳደገችን። ስለዚህ እበላለሁ። አትንገሯት።'"

ሔለን ሳቀች። አሰለፈችም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል መንገድ ላይ ቀረ።

"አሥራ አራት ዓመት?" አለች።

"ቢያንስ ጨው አልበዛበትም ማለት ነው፣ ዚያ።"

"ሔለን፤ መቃብር የሚል ካርድ ካለ ፈልጊልኝ።"

ነበር። የዶርነር መቃብር በሉተራኑና በካቶሊኩ መካከል በሽቦ አጥር ተከፍሎ፣ እያንዳንዱ መቃብር በስሙ ተሥሎ ነበር። ከሎሪን ጎን 'ዊኒፍሬድ' የሚል ተጽፎ በቀይ ቀለም ተሰርዟል። ከሥሩ፦ 'በ1974 በደብዳቤ ቦታዬን ለፖስተኛው ሰጠሁ። እሱም ሌላ አገር ልጆቹ ዘንድ ተቀበረ። ቦታው ባዶ ነው፤ ባዶውን ይቅር። እኔ እዚያ አልገባም።' 'አልገባም' ሦስት ጊዜ ተሰምሮበታል።

"ለምን?" አለች አሰለፈች። ሔለንን መጠየቋ አልነበረም፤ ሔለን ግን ከካርዱ ጥግ ሌላ ካርድ የሚያመለክት ጽሑፍ አይታ ሁለተኛውን መሳቢያ ሳበች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በ1969 ዶርነር መቶ ዓመት ሲሞላት የመንደሩ ሰዎች ሲኞራ ዊኒን መጽሐፍ ጻፊልን አሏቸው። ጻፉ። አባቶች የነገሯቸውን ሁሉ ከመዝገብ ጋር አስተያይተው፣ የሚከተለውንም ጨምረው ጻፉ፤ ዶርነር የምትኮራበት ትምህርት ቤት ድሮ የዶርነር አልነበረም። በ1881 አንድ እሑድ፣ የጎረቤት መንደር ሰዎች ጸሎት ላይ ሳሉ፣ የዶርነር ወንዶች አሥራ ስድስት ፈረስ ይዘው መጡ፣ ቤቱን በግንድ ላይ አንከባልለው ወሰዱት፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የዓርቡ ሒሳብ ገና አልጠፋም ነበር። ትምህርት ቤቱ ስላለ ባቡር ጣቢያው ወደ ዶርነር መጣ፤ ጣቢያው ስላለ ባንኩ መጣ፤ ጎረቤት መንደሩ ዛሬ የበቆሎ ማሳ ነው። ሦስት መቶ ቅጂ ታተመ። የመጽሐፉ ኮሚቴ አነበበውና ሦስት መቶውንም በዚያው በተሰረቀው ትምህርት ቤት ምድጃ ውስጥ አቃጠለው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ሎሪን ነበሩ። 'እህቴ "መልካም መልካሙን ብቻ መጻፍ አትችይም ነበር?" አለችኝ' ይላል የካርዱ መጨረሻ።

አሰለፈች ካርዱን ወደ መሳቢያው መለሰችው። በሎሪን መፍረድ ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን ለሃያ ዓመት ሮም ውስጥ መልካም መልካሙን ብቻ ስትጽፍ የኖረችው ማን ናት? ተኪኤን ለተቸገረ ደራሽ ያደረገችው ሎሪን አይደሉም።

ማታ አብረኸት ልጇን ልትወስድ መጣች። ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ "እኔ አላልኩሽም?" አለች። ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ሲወጣላት ደግሞ ተገለበጠች።

"አሁንማ ተይው፣ አሱ። ወረቀቱ አልቋል፣ ሳጥኑ ታሽጓል፣ ያ ሁሉ መንደር ድግስ ደግሶ ይጠብቃል። ምን ልትያቸው ነው? ዋሽቼ ነበር?"

"አልዋሸሁም።"

"እና ምን?"

"አበላኋቸው" አለች አሰለፈች። "ሳይወዱ አበላኋቸው። በዚህስ አልደግምም።"

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አባ ተኽለብርሃን አጠገቧ ተቀምጠው ለዴል ደወሉ። አሰለፈች ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገረች፤ ሦስቱን እምቢታ፣ ሾርባውን፣ ካርዱን፣ ምድጃውን። አባም በዚህ ጊዜ አንድ ቃል ሳይተዉ ተረጎሙ፤ የመጀመሪያውን ግማሽ የተዉት እሳቸው ናቸውና ላብ በላብ ሆነዋል።

ዴል እስኪጨርሱ ጠበቀ። "አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን ነው የሚያውቀው?"

"እዚህ ሁሉም ያውቃል። 'ዊኒ ሞታም አትመጣም' እያለች ነው እናቴ የኖረችው። ለዚህ እኮ ነው ትናፍቅ ነበር ስትሉኝ መናገር ያቃተኝ። እኛን ይቅር ያለች መሰለን።"

አሰለፈች ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።

"እና አሁን?" አሉ አባ፣ በራሳቸው።

"ለመንደሩ ምክር ቤት ልንገር" አለ ዴል።

የዶርነር ምክር ቤት አምስት ሰው ነው፤ ዴልም አንዱ ነው። የዚያኑ ዕለት ተሰበሰቡ። አጀንዳው ሁለት ነበር፤ የመንገዱ ጉድጓድና የሲኞራ ዊኒ እምቢታ። ሐሙስ ጠዋት፣ ሳጥኑ ሊበር አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዴል እዚያ ገና ሳይነጋ ተነስቶ ደወለ።

"አራት ለአንድ" አለ። "ትምጣ ብለዋል።"

"እንዴት? አልፈልግም ያሉትን ሰው?"

"ያለችው ድሮ ነው፤ ሐሳቧን ቀይራ ሊሆን ይችላል ብለው። ደግሞ ድንቹ ተልጧል።"

አሰለፈች በአማርኛ ያለችውን አባ ሳይተረጉሙት ቀሩ። "አንዱስ?" ብላ ጠየቀች ቀጥላ። "አንዱ ማን ነው?"

"እኔ ነኛ" አለ ዴል። "ፊርማውም የኔ ነው። ለቀብር አስፈጻሚዎቹ አሁን በፋክስ ልኬላቸዋለሁ፤ እዚያው ትቀበር።"

"መንደሩስ ምን ይልሃል?"

"ቡና ቤቱ ገና አልተከፈተም። ትናንት ማታ ከስብሰባው ወጥቼ በደጁ ሳልፍ ግን፣ በመስኮት ሲያዩኝ ሁሉም ፊቱን በጋዜጣ ሸፈነ።"

ቅዳሜ ዕለት ሲኞራ ዊኒ ፕሪማ ፖርታ ተቀበሩ፤ ከሮም ወጣ ብሎ፣ መቃብሩ ከመብዛቱ የተነሳ በግቢው ውስጥ አውቶቡስ በሚሄድበት። በረዶው ጭቃ ሆኖ ነበር። ለሉተራኗ ሲኞራ ካቶሊኩ አባ ጸለዩላቸው፤ አልቃሾቹ ደግሞ ኦርቶዶክሶቹ ነበሩ። አሰለፈች ያልጠራችው የለም፤ አሥራ አንድ ሴቶች መጥተዋል፤ ሲኞራ ዊኒን በሕይወት ሳሉ ያየቻቸው ግን አብረኸት ብቻ ነበረች። አሰለፈች ወረቀቷን ዘረጋች።

"ወይዘሪት ዊኒፍሬድ ከአባታቸው ከአቶ ኦቶ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤማ፣ በአዮዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ልዩ ስሙ ዶርነር በተባለ ስፍራ ተወለዱ።"

ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እስከዚህ የሚያውቁት ነው። አሰለፈች ግን ቀጠለች። ስለ አሥራ ስድስቱ ፈረስና ስለ ትምህርት ቤቱ አነበበች። ስለ ምድጃው አነበበች። "እንግዳ ተቀባይ አልነበሩም" ስትል አንዷ ሴት፣ ለልቅሶ ከፍታ የነበረውን አፏን መልሳ ገጠመች። "ኩርፊያቸው ጽኑ ነበር። ምስር አይወዱም ነበር፤ እኔ ግን አልሰማኋቸውም።" ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ የት ላይ እንደሚለቀስ የሚነግራቸው ቃል ጠፍቷል። "መንደራቸው እውነቱን አልወደደላቸውም። እሳቸውም መንደራቸውን አርባ ሁለት ዓመት ሲጽፉት ኖሩ፤ አንድ ቀን እንኳ ግን አልተመለሱበትም። የእህታቸውን ሞት በጋዜጣ አንብበው፣ ቆርጠው አስቀመጡ፣ ምሳቸውንም በልተው ተኙ።"

በዚህ ላይ ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ። ዞር ሲሉ አብረኸት ነበረች፤ በሰው ቀብር ሁሉ ቀልድ የምትፈጥረው አብረኸት፣ ጭቃው ላይ ተንበርክካ "እህቴን! እህቴን!" ትላለች። አዲግራት ያለች እህቷን ካነጋገረቻት ስንት ዓመት እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ለምን እንደተኳረፉም ጠይቆ መልስ ያገኘ የለም። ሌሎቹም እሷን ይዘው ያለቅሱ ጀመር። ስለ ሲኞራ ዊኒ ይሁን ስለ ሌላ አሰለፈች አልጠየቀችም። ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችና አጠፈችው።

በሳምንቱ ዴል ደወለ፤ አባም እንደ ወትሮው አስተረጎሙ። ምሳው ተበልቷል አለ። ሟች ባይኖርም አንድ መቶ አርባ ሰው መጥቶ፣ በአንድ አዳራሽ፣ በሁለት ጠረጴዛ ተቀምጦ በልቷል። ከዚያ ምን እንዳነበበች ጠየቃት፤ ነገረችው።

"ፈረሶቹንም?"

"ከነቁጥራቸው።"

ዴል በስልኩ ውስጥ በረጅሙ ተነፈሰ። "እዚህ ቢሆን ማንም አይደፍርም ነበር። ካርዶቹስ?"

"እኔ ዘንድ ናቸው፤ ልላክልህ?"

"ለጊዜው እዚያው ይቆዩ። ምድጃው አሁንም ይሠራል።"

ሊሰናበቱ ሲሉ "በመከር፣ በቆሎው ከተነሳ በኋላ፣ ሮም መጥቼ መቃብሯን አያለሁ" አለ።

አሰለፈች ደስ ብሏት "እግዚአብሔር ያምጣህ" ልትል አፏን ከፍታ፣ ተወችው።

"አባ፣ ይጠይቁልኝ" አለች። "ከልቡ ነው ወይስ ለይሉኝታ?"

አባ ተኽለብርሃን ግንባራቸውን አሹ። ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ለማስረዳት አንድ ጊዜ ሞከሩ፣ አልሆነም፤ እንደገና ከእናትና ከጎረቤት ጀምረው ዞረው መጡ። ዴል እስኪጨርሱ አዳመጣቸው። ሲገባው ድንገት በኃይል ሳቀ፤ ሳቁ ስልኩን አልፎ ለአሰለፈች ተሰማት።

"ምን አለ?"

"ለይሉኝታ ነው አለ።"

"እንኳን ነገረኝ" አለች አሰለፈች።